አንድ ፎቶ፣ አምስት መብረቅ

ሰው ምሳውን ሳይባርክ ፎቶ የሚያነሣበት ዘመን ላይ ደረስን። አትቆጡኝ፤ እውነቴን ነው። ባለፈው እዚሁ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ አንድ ምግብ ቤት ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጬ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ እኔ ለመባረክ አፌን ስከፍት በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ክትፎው ከላይ ተነሣ። ከጎን ተነሣ። ከሰው ጋር ተነሣ። እኔ ጸሎቴን አፌ ውስጥ እንደ ያዝኩ ጠበቅኩ። ከክትፎው ጋር እኔም ሳልነሣ አልቀረሁም፤ አፌን ከፍቼ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዘመን ፎቶ አልነሣም የሚል ሰው ቢገኝ ምን ትሉታላችሁ? እኛ የምንለው የኔታ ነው።

የኔታ ገብረ ሕይወት አገር ቤት ሳለሁ ዜማ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ዓመታት አልፈው፣ እኔም ሸምግዬ ወደዚህ አገር ስመጣ፣ የኔታ ቀድመውኝ መጥተው ኦሮራ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ትምህርቱን ካቆምኩበት ጠየቁኝ። ከአበዳሪ ማምለጥ ይቻል ይሆናል፤ ከዜማ መምህር ግን ውቅያኖስም አያስጥልም። ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጸናጽል የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ሸበቶውም ጎረምሳውም፣ የእርሳቸው ተማሪ ነው። እኔም ሰው ሁሉ መሪጌታ እያለ ቢጠራኝ፣ በየኔታ ፊት ስሜ "አንተ" ነው።

ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር የኔታ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። በመታወቂያው ላይም ቢሆን ያለ በደሉ የታሰረ ሰው ይመስላሉ። ለምን እንደማይነሡ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር። ፎቶ የሰውን ፊት ያነሣል እንጂ ጸሎቱን አያነሣም ይሉናል። ጸሎቴ ከሌለበት ፊቴ ብቻውን ምን ያደርግላችኋል? ይሉናል። እስቲ ለዚህ ምን ይመለሳል? ቅኔ ተምረናል፣ ሰምና ወርቅ እንለያለን እያልን የምንኩራራ ሰዎች አፋችንን ይዘን እንወጣ ነበር።

በዚህ ዓመት ግን ነገር መጣ። የዴንቨር ከፍታ ለየኔታ ልብ አልተስማማም ተባለ። ሐኪሙ ዝቅ ያለ አገር ይሻልዎታል አለ። ሲያትል ያለው ልጃቸው ትኬት ላከ። ሐሙስ ሊሄዱ ነው፤ ይህን የሰማነው ሰኞ ነው። በዚያ ዕድሜ የሄደ ሰው ተመልሶ ይመጣል? እኛስ ሁላችን እንደዚህ ተሟልተን በአንድ ረድፍ የምንቆምበት ሌላ ቀን ይገኛል? ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። ግን ሁላችንም አስበነዋል።

ሄጄ ለመንኳቸው። ለእኛ ሳይሆን ለአዳራሹ፣ ለሚመጡት ልጆች አልኩ።   አንዲት ጣታቸውን አነሡ።

"አንድ ጊዜ" አሉ። "አንድ ጊዜ ብቻ። 'አንዴ ይድገሙልን፣ ዓይንዎ ተከድኖ ነበር፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ' የሚለኝ ካለ ጫማዬን አጥልቄ እሄዳለሁ።"

የኔታ ቃላቸው ቃል ነው። እሄዳለሁ ካሉ ይሄዳሉ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንዲት ፎቶ! ብትበላሽስ? አንዱ ቢያስነጥስስ? ዲያቆን ሰሎሞን፣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ቀልጣፋ ልጃችን ነው፣ ሊያጽናናኝ ፈለገ። "መሪጌታ አይጨነቁ፣ በስልኬ ሠላሳ ፎቶ በአንዴ ቴክ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ደህናውን ሴቭ እናደርጋለን" አለኝ። ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ነው እንዴ? ለየኔታ እንዲህ ያለ ሒሳብ ይቀርባል? ተውኩትና ወደ ከድር ሄድኩ።

ከድርን የማታውቁት ትኖሩ ይሆናል። ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ፣ በጎማ ቤትና በኑድል ቤት መካከል ያለች ጠባብ ፎቶ ቤት የእርሱ ናት። አዲስ አበባም ፎቶ ቤት ነበረው። እርሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ወዳጅነታችን የተመሠረተው ግን አንዳችን ስንጾም ሌላው ምሳውን ደብቆ በመብላት ነው። በእርሱ ጾም ወራት እኔ እደበቃለሁ፤ በቀረው ዓመት ሁሉ እርሱ ይደበቃል። የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው እያለ ያማርራል።

ችግሬን ነገርኩት። ሣቀ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ "መሪጌታ፣ ለሺህ ፎቶ የሚሆን ካሜራ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዟል። ለአንድ ፎቶ የሚሆነው ግን እኔ ጋ ነው።"

ከጓዳው በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተሸክሞ ወጣ። ጨርቁን ገለጠው። ወገኖቼ፣ ካሜራ ሲባል እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። በጥሩ እንጨት የተሠራ ሣጥን ነው፤ ማዕዘኖቹ በናስ የተያዙ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ገበታ የተወለወሉ። ፊቱን ሲስበው ከመሀሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ነገር ይዘረጋል። ከፊት ሌንሱ፣ ከኋላ ደብዛዛ መስታወት አለው። ፊልሙም እንደምናውቀው ጥቅልል አይደለም፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል አንድ ቅጠል ነው። አንድ ቅጠል፣ አንድ ፎቶ። አነሣህ፣ አበቃ። ከድር ሲነካካው አየሁት፤ ካህን ንዋየ ቅድሳት ሲነካ እንዲያ ነው። በልቤ፣ ለየኔታ ቃል የሚመጥን ዕቃ ተገኘ አልኩ።

ብርሃኑንስ ከየት ታመጣለህ ብዬ ጠየቅኩት። "መብረቅ ይዤ እመጣለሁ" አለኝ። ፍላሾቹን ማለቱ ነው።

መብረቅ ሲል አንድ ነገር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትዝ አላለኝም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ በኋላ ይፈለጋል።

የዴንቨርን ሰማይ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዐመል አለው። ጠዋት ጥርት ብሎ ይስቅላችኋል፣ ከቀትር በኋላ ይቆጣል። አንድ ቀን የኔታን ከሐኪም ቤት ይዤ ስመለስ ሃቫና ስትሪት ላይ መብረቁ ሰማዩን ሰነጠቀው። የኔታ "በስመ አብ" ብለው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። እኔ መሪ ይዣለሁ፣ ከኋላዬ ትልቅ መኪና አለ። በአንድ እጄ ቸኩዬ የሆነ ነገር አደረግኩ። ዝንብ እንደ ማባረር ያለ። የኔታ ዘወር ብለው አዩኝ። ይህ ምንድን ነው? አሉኝ። አማተብኩ፣ የኔታ፣ አልኩ። አቁም አሉኝ። መንገድ ላይ ነን ብል ማን ሊሰማኝ! ጎማ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። አሁን አማትብ አሉኝ። በስተርጅና፣ በመኪና መቀመጫ ላይ፣ ቀበቶ እንደ ታሰርኩ፣ ከመምህሬ ጋር እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው አማተብኩ።

የየኔታ ማማተብ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ አይደለም። "በስመ አብ" ብለው ግንባራቸው ላይ ያርፋሉ። ያርፋሉ ስላችሁ እንደ መንገደኛ ነው የሚያርፉት። "ወወልድ" ብለው ቀስ እያሉ ወደ ታች ወደ ደረታቸው ይወርዳሉ። "ወመንፈስ ቅዱስ" ሲሉ ግራ ትከሻ ይደርሳሉ። "አሐዱ አምላክ" ብለው ወደ ቀኝ ይሻገራሉ። እርሳቸው ቀኝ ትከሻ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ተማሪያቸው የሆነ ሁሉ ደግሞ ይህን ያውቃል፦ የኔታ "በስመ አብ" ብለው ከጀመሩ እጁን አጥፎ የሚቆም የለም፤ ቀድሟቸው የሚጨርስም የለም። የትም አልተጻፈም። አጥንታችን ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከድር መብረቆቹን ጭኖ መጣ። አዳራሻችን ቀድሞ ምንጣፍ የሚሸጥበት ሱቅ ስለ ነበር ፊቱ ሁሉ መስኮት ነው። እኛ ለብሰን፣ ጠምጥመን፣ መቋሚያችንን ይዘን ጠበቅነው። ከድር አንዱን ፍላሽ ከካሜራው አጠገብ አቆመ፤ ከሌንሱ ጋርም በቀጭን ገመድ አገናኘው። ሌንሱ ዓይኑን በገለጠበት ቅጽበት ገመዱ ለፍላሹ ይነግረዋል። ሁለቱን ፍላሾች ደግሞ በቀኝና በግራ፣ ራቅ አድርጎ፣ በረጃጅም እግር ላይ አቆማቸው።

እነዚያ ገመድ የላቸውም። ታዲያ በምን ያውቃሉ? ብዬ ጠየቅኩ። በእያንዳንዳቸው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ነገር አሳየኝ፤ ዓይን ናት አለኝ። የመጀመሪያው ፍላሽ ሲበራ ዓይኖቹ ያዩታል፤ ሁለቱም በዚያችው ቅጽበት ይከተላሉ። ሞከረው። አንዱ በራ ስንል ሦስቱም በርተዋል። ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ? የሰው ዓይን አይለየውም።

እኔ በዚህ ጊዜ ነፍሴ ተደሰተች። ይህ እኮ የእኛው ሥርዓት ነው! መሪጌታው ይመራል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው ይቀበላሉ። ሲቀበሉም መሪው የት ላይ እንዳቆመ፣ ተቀባዩ የት ላይ እንዳነሣ እስከማይታወቅ ድረስ ነው። እኛ ያንን ለማድረግ ዕድሜያችንን ፈጅተናል፤ አንዳንዶቻችን ዛሬም አንደርስበትም። ከድር ግን በሦስት መብራት አሳየን። ወዲያው ስም አወጣሁላቸው። የመሀሉን መሪጌታ፣ የቀኙን ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ አልናቸው። ከድርም ስሙን ወደደው።

ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ የኔታም መሀል ላይ በወንበራቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ድንገት አዳራሹ ቦግ አለ። ቀኝ ጌታም ግራ ጌታም በሩ። ከድር ግን እጁን ካሜራው ላይ አላሳረፈም። ማን አዘዛቸው? ቢታይ፣ እትዬ በላይነሽ ናቸው። እንግልውድ ከተማ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ከሥራ ልብሳቸው ሳይወጡ ደርሰው፣ ከቦርሳቸው የጥንት ትንሽ ካሜራ አውጥተው ከጎን አንስተውናል። የእርሳቸው ፍላሽ ጭል ሲል የእኛዎቹ ዓይኖች አይተው ተቀብለዋል።

"ውይ! ለእኔም ይታዘዛሉ እንዴ?" አሉ እትዬ በላይነሽ ደስ ብሏቸው።

"እናቴ፣ ካዩ ይታዘዛሉ፤ ሰው አይመርጡም" አለ ከድር። ግንባሩ ግን አልቦት ነበር። የካሜራው ዓይን ተከድኖ ስለ ነበር ፊልሙ አልተነካም። የኔታ ግን ጣታቸውን አነሡ። ይህ ተቆጠረ? አሉ። አልተቆጠረም ብለን በአንድ ቃል ጮህን። በዜማ እንኳ እንዲያ አንድ ሆነን አናውቅም። ካሜራዋ ተወርሳ ወደ ቦርሳ ተመለሰች።

ከድር ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ በመስታወቱ ሲያየን የኔታ አላስችል አላቸው። ምን ይታየዋል? ብለው ተነሥተው ሄዱ። ከድር ጨርቁን ገልጦ አስገባቸው። በዚህ ዓይነት ካሜራ ሰው የሚታየው ተዘቅዝቆ ነው፤ እግር ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች። የኔታ ከጨርቁ ሥር ብዙ ቆዩ። ከውስጥ ድምፃቸው ብቻ ተሰማ።

"እስከ ዛሬ ዜማው ለምን እንደሚገለበጥባችሁ አሁን ገባኝ።"

ሣቃችን ጥምጣማችንን ሊያስወልቀን ደረሰ።

ከዚያ ከድር በትንሽ መሣሪያ ብርሃኑን ለካ። ፊቱ ጠቆረብኝ። ወደ እኔ መጥቶ በሹክሹክታ አስረዳኝ። ሦስት ረድፍ ናችሁ አለኝ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ሁሉ እንዲጠራ የሌንሱን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ማጥበብ አለብኝ፤ ብሌኑ ሲጠብ ደግሞ ብርሃን አይገባም፤ አንድ ብልጭታ አይበቃም አለኝ። ታዲያ ምን ይሻላል? መላ አለው አለ። አዳራሹን ድቅድቅ እናደርገዋለን። የካሜራውን ዓይን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ በጨለማ ቢከፈት ምን ያያል? ምንም። ከዚያ መሪጌታውን በእጄ አራት ጊዜ አበራዋለሁ፤ ሁለቱ ይከተሉታል። ፊልሙ አራቱን ብርሃን አንዱን በአንዱ ላይ ያጠራቅመዋል። ግን ማንም እንዳይነቃነቅ።

ሲናገር የኔታ ሰምተዋል። "አራት?" አሉ።  አንድ ብለው አልነበር?

ከድር ጎንበስ አለ። "የኔታ፣ አንድ ዜማ አራት ጊዜ ቢደገም ስንት ዜማ ነው?"

የኔታ አዩት። ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። "አንድ" አሉ። "ቀጥል።"

እኛ ጋቢያችንን እያወጣን በመስኮቶቹ ላይ ሰቀልን። የኦሮራ ፀሐይ ጋቢ ታግዳታለች? አዳራሹ እንዲያውም አማረበት እንጂ አልጨለመም። መላ ያመጡት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከማእድ ቤት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ተሸክመው መጡና መስኮቱን ሁሉ ለበጡት። ቅድም ለተወረሰችው ካሜራ በዚህ ተበቀሉላት መሰለኝ። ከድር አለመነቃነቁን አደራ አለን። እኛ ተሳለቅንበት። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ለሚቆም ሰው አራት ብልጭታ ምንድን ነው? አንዱ፣ መተንፈስስ ይፈቀዳል? አለ። ተንፍሱ፣ በልክ፣ አለ ከድር።

"ላይቱን ኦፍ ላድርገው?" አለ ዲያቆን ሰሎሞን።

አደረገው። ጨለመ። የሌንሱ ዓይን ቀጭ ብሎ ሲከፈት ሰማን።

ቦግ!

አሁን በብርሃን ውስጥ ሲሞከር ያየነው ብልጭታና በድቅድቅ ጨለማ የሚመጣው አንድ አይደሉም። አዳራሹ ነጭ ሆነ። ግድግዳው መጣ፣ ሄደ። መብረቅ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? በጨለማው ውስጥ፣ ከመሀል፣ ጸጥ ያለ የታወቀ ድምፅ ተሰማ።

"በስመ አብ..."

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። በቀኜ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ በግራዬም። ረድፉ ሁሉ እጁን አነሣ። እኔ መሀል ላይ ተሰነጠቅኩ። ከድር አትነቃነቁ ብሏል፤ አንድ ፎቶ ናት ያለችን፤ ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የኔታ ደግሞ በስመ አብ ብለዋል። ለማን ልታዘዝ? እያሰብኩ ሳለ፦

ቦግ! ሁለተኛው።

"ወወልድ..." አሉ የኔታ። አልቻልኩም። እጄ ከእኔ ሳታማክር ደረቴ ላይ ተገኘች።

ቦግ! ሦስተኛው። በዚያች ብርሃን ከድር ያየን ይመስለኛል፤ "ያ ረቢ!" ሲል ሰማሁት።

"ወመንፈስ ቅዱስ..."

ቦግ! አራተኛው። አለቀ ብዬ ጠበቅኩ። የሌንሱ ዓይን ሲዘጋ አልተሰማም። ጨለማው ቆየ። ፍላሾቹ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ በቀጭኑ ያፏጫሉ። "አሐዱ አምላክ" አሉ የኔታ፣ ሳይቸኩሉ።

ቦግ!

አራት አላለም ነበር እንዴ? ያኔ ዓይኑ ተዘጋ። "አሜን" አልን።

መብራቱ ሲበራ ማንም ማንንም አላየም። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጨረስን አይደል? ብለው ሄዱ። ለእርሳቸው ምንም የሆነ ነገር የለም። መብረቅ መጣ፣ አማተቡ። እኔ ግን ከድርን ተከትዬ ፓርኪንግ ላይ ደረስኩበት። ዕቃውን ይጭናል። ተበላሸ? አልኩት።

"አበላሻችሁት ወይስ አሳመራችሁት፣ እኔም አላውቅም" አለኝ።

ታዲያ አምስተኛውን ለምን አበራህ? አልኩት። ወደ መሬት አየ።

"አራተኛው ላይ እጃችሁ ግራ ትከሻ ላይ ነበር። እዚያ ላይ ብዘጋው አንድ ክንድ የጎደለው መስቀል ይዤ ልሄድ ነው። እኔ ጎረቤቶቼ ሲያማትቡ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የት ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። የሰው ጸሎት መሀል ላይ ይቆረጣል እንዴ፣ መሪጌታ?"

 ጫንኩለት። መሪጌታውንም፣ ቀኝ ጌታውንም፣ ግራ ጌታውንም።

ረቡዕ የመሸኛ ምሳ ነበር። ከድር መጣ፤ በክንዱ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ይዟል። አንድ ብልጭታ ስለ በዛበት ፊልሙን ሲያጥብ ጊዜውን እንደ ቀነሰለት ነገረኝ፤ ሌላ ነገር አልነገረኝም። ምሳው ቀርቧል፤ በዚያ ቀን ማንም ስልክ አላወጣም። ፎቶውን የኔታ ጭን ላይ አስቀመጠው። በካሜራው ላይ ምስሉን የሚያጠራባትን ትንሽ ማጉያ መስታወትም ሰጣቸው።

ወገኖቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፊታችን እንደ ድንጋይ ጽሑፍ ጠርቷል፤ ያቺን እንኳ ቃላችንን ጠብቀናል። የየኔታ ጢም ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። እጆቻችን ግን... በእያንዳንዱ ሰው ላይ፣ በነጩ ልብስ ላይ እንደ ጢስ የሳሳ የእጅ ጥላ አለ። አንድ ግንባር ላይ፣ አንድ ደረት ላይ፣ አንድ ግራ ትከሻ፣ አንድ ቀኝ ትከሻ። ረድፉ ሁሉ፣ ሰው በሰው፣ መስቀል ነው። በቀለም የተሣለ አይደለም። በአምስት መብረቅ የተጻፈ ነው። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

የኔታ ማጉያዋን ይዘው አጎነበሱ። ከድር ቆሞ ይጠብቃል፤ እንደ ተማሪ። በመጨረሻ የኔታ ቀና አሉ።

"ለካስ ያነሣል" አሉ።

 ያን ሁሉ ዓመት አፋችንን ያስያዘን ክርክር በሁለት ቃል አለቀ። ከድር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ፎይሉ አሁንም አልተነሣም፣ ምን ሊያይ እንደሆነ እንጃ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! የኔታ ግን መምህር ናቸው። ማጉያዋን መልሰው ያዙና እንደ ፈተና ከዳር ጀምረው አንድ በአንድ ያዩን ጀመር። ደህና። ደህና። ይህም ደህና። ሲሄዱ ሲሄዱ ከእኔ ላይ ደርሰው ቆሙ። ፎቶውን አቀረቡ፤ አራቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ሥጋዬን።

"አንተ" አሉኝ። "ከወልድ ነው የምትጀምረው?"

ተመለከትኩ። በግራዬ ያለው ግንባሩን ይዟል፤ በቀኜ ያለው ግንባሩን ይዟል። የእኔ ግንባር ባዶ ነው። ደረቴ አለ፣ ሁለት ትከሻዬ አለ፤ መስቀሌ ራስ የለውም።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እኔም አስረዳለሁ ብዬ ብሶ ቁጭ አለ። የኔታ፣ ከድር አትነቃነቁ ስላለ እኮ ነው፣ መታዘዝ ይበልጣል ብዬ ነው አልኩ። ያን ቀን የታዘዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህ ሐቅ ነው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከድር እስከ ቀኝ ትከሻ አደረሰን" አሉ። "አንተ ተማሪዬ ግን ግንባርህ ድረስ እንኳ መምጣት አቃተህ።"

ሐሙስ ሄዱ። ፎቶው ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ተሰቀለ። ከድርን ብቻውን አግኝቼ፣ በዘመኑ ጥበብ አንዲት እጅ ግንባሬ ላይ መጨመር አይቻልም ወይ ብዬ ለመንኩት። ይቻላል፣ ግን የኔታ አንድ ጊዜ ብለዋል አለኝ። እኔው የነገርኩትን ቃል መልሶ ሰጠኝ።

ምን ላድርግ? ስገባ ስወጣ ያ ባዶ ግንባር ያየኛል። ስለዚህ በፎቶው ፊት ባለፍኩ ቁጥር፣ የጎደለኝን ልሙላ ብዬ፣ ቆም እልና ግንባሬን ብቻ በጣቴ እነካለሁ። ሰው ያየኛል ብዬ አላሰብኩም። ባለፈው እሑድ ግን የእሑድ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ሲገቡ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያዋ ፎቶው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና ግንባሯን ነካች። ከኋላዋ ያለውም ነካ። ሁሉም ነኩ። ይህ ምንድን ነው? ብዬ አንዷን ጠየቅኳት።

"ሥርዓት ነዋ፣ መሪጌታ!" አለችኝ፣ ባለማወቄ አዝና።